የመንጋጋ ልክ

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጥያቄዬ፦

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ልልሽ ነበር፤ ግን ጎድሎብኛል። ሦስት ጥርስ።

የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ተነቀሉ። አሁን አፌ ውስጥ ከምላሴ በቀር ተከራይ የለም። ሕመሙ ደህና ነው፤ ያስቸገረኝ ልማድ ነው። አርባ ዓመት ክር በጥርሴ ስበጥስ ኖሬ፣ ትናንት ሳላስበው ክሩን ወደ አፌ ወስጄ በድዴ ሳኝክ ቁልፍ ሰፊዋ አየችኝ። ታውቂያታለሽ፤ ከሱቄ ግማሹን ተካፍላ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋ ጎረቤታችን። ሳቋን መያዝ አቅቷት የቁልፉን ቆርቆሮ ደፋችው። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስንለቅም ዋልን።

ጥርሴን የነቀለው ሐኪም፣ «ድድዎ ሲሽር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ይሂዱ፤ ተማሪዎቹ በአስተማሪ እየታዩ ሙሉ ጥርስ ይሠሩልዎታል» አለኝ። እኔም «የራሴ ሐኪም አለችኝ፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት አልቀራትም» ብዬው ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ስትሄጂ «የመጀመሪያውን ሙሉ ጥርስ የምሠራው ላንተ ነው» ብለሽኝ የለ? እጠብቃለሁ። አፌ የትም አይሄድ።

እዚያ ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ ካለ አንድ ፓኮ ላኪልኝ፤ ክር ማስገባት አስቸግሮኛል። ፈተናሽ በታኅሣሥ ነው ብለሽ ነበር። ቀኑን ንገሪኝ፤ በዚያ ቀን ማንንም ሳልቆጣ እውላለሁ።

አጎትሽ፣ ድዳሙ ልብስ ሰፊ


ጥቅምት 29 ቀን

ይድረስ ለጋሽዬ፦

ጤናህ እንደ ቀልድህ ይብዛልኝ። ደብዳቤህን በአውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቦታ ቀየሩ። መርፌውን ልኬያለሁ፤ ሁለት ፓኮ ነው። አንዱን ለቁልፍ ሰፊዋ ስጥ፤ ለሳቋ ሳይሆን ለለቀማው።

ምን እንደምማር አጫውቼህ አላውቅም፤ ልንገርህ። ጠዋት ጠዋት የምንውለው ጀሶ ቤት ነው። የሰው አፍ ልክ በጀሶ ይወጣል፤ በላዩ ሰም እናለብሳለን፤ ሰሙ ላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እንተክላለን። አንዲት ጥርስ የፀጉር ያህል ከፍ ካለች ሰውየው ሲያኝክ ጥርሱ በሙሉ ይንሸራተታል። ዛሬ የፊት ስድስቱን ለመትከል አራት ሰዓት ፈጀብኝ። አስተማሪያችን አየና «የሠርግ ወንበር ነው የደረደርሽው፤ የሰው ጥርስ እንዲህ ቀጥ አይልም» ብሎ በአንድ ጣቱ አፈረሰው።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የመንጋጋ ሕመም ክፍል ነን። መንጋጋ እንዲህ የሚያሰቃይ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር ጋሽዬ። ሲያዛጋ አፉ ተከፍቶ የቀረ ሰው አይቻለሁ። ከጭንቀት የተነሳ በእንቅልፏ ጥርሷን እያፋጨች፣ ጠዋት ዳቦ መቁረስ የሚያቅታት መምህርት አለች። ሁለት ጣቴን ከጆሯቸው ፊት አድርጌ «ይክፈቱ፣ ይዝጉ» እላለሁ፤ መገጣጠሚያው ሲንቋቋ በጣቴ ይሰማኛል።

ድድህ እስኪሽር ጥቂት ወራት መጠበቅ ይኖርብሃል፤ እስከዚያ ለስለስ ያለ ብላ። በሐምሌ መጥቼ ሠርቼልህ እመለሳለሁ። ስለ ፈተናው አታስብ፤ ቀኑ ገና በውል አልታወቀም።

የምትወድህ፣ ጥያቄህ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለጥያቄዬ፦

ሰላምታዬ ከመርፌዎቹ ምስጋና ጋር ይድረስሽ። እንደ በር ሰፊ ናቸው፤ ክሩ ራሱ አንኳኩቶ ይገባል።

እኔ ደህና ነኝ። ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አጥብቤያለሁ፤ ቢሆንም ልብስ ሰፊ ለሆነ ሰው ይህ ችግር አይባልም። ሾርባ እጠጣለሁ፤ ዳቦ በወተት አርሳለሁ። ሥጋውን እርሺው። ደንበኞቼ ስናገር ስለማይሰሙኝ ልካቸውን በወረቀት ጽፌ አሳያቸዋለሁ። «ሠላሳ ስድስት» ስል ፉጨት ብቻ ይወጣል፤ አንዱ ደንበኛ ውሻ የምጠራ መስሎት ዞሮ አየ።

ፈተናሽ በዚህ ወር መሆን አለበት። አልፏል ወይስ ገና ነው? እኔ ለጥንቃቄ ወሩን ሙሉ ማንንም አልተቆጣሁም። በጣም ከባድ ነው።

አጎትሽ

(ከሥር በሌላ እጅ ጽሕፈት፦) እኔ ቁልፍ ሰፊዋ ነኝ። ፖስታውን እንዳሽገው ሰጥቶኝ ነው። ደህና ነኝ ያለውን አትመኚው። ባለፈው ሐሙስ የስፌት መኪናው ላይ እያለ ዞሮበት ከወንበሩ ተንሸራተተ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሾርባ እንኳን ግማሹን ይተዋል። ትምህርት ቤቱ ሂድ ስለው «ልጄ ቅር ይላታል» ይላል። አንቺ ካላዘዝሽው አይሄድም።


ጥር 20 ቀን

ለልጄ፦

ደብዳቤዬ ደርሶሽ ይሆን? ስድስት ሳምንት ሊሆነው ነው። ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ገና ከበር ስገባ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ምንም አልፈልግም፤ መርፌም አልፈልግም። ሁለት መስመር ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 8 ቀን

ለጋሽዬ፦

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ።

ፈተናው ተላልፏል። ትምህርቱም ሳይረዝም አይቀርም፤ በሐምሌ መምጣቴን እንጃ። ስለዚህ እኔን አትጠብቀኝ። ነገ ጠዋት፣ ከነገ ወዲያ አይደለም ነገ፣ ተነስተህ ትምህርት ቤቱ ሂድና ተመዝገብ። ከወንበር መንሸራተትህን ሰምቻለሁ። እንዴት አወቅሽ እንዳትለኝ። ቃል የገባሁልህ ልጅ ሆኜ ነው፤ አሁን እንደ ሐኪም አዝሃለሁ።

ቅር አይለኝም። በጭራሽ።

ጥያቄህ


መጋቢት 17 ቀን

ለጥያቄዬ፣ ለሐኪሜ፦

ትእዛዝሽ ደርሶኛል፤ ፈጽሜያለሁ። ቁልፍ ሰፊዋን ለመቆጣት ሁለት ቀን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ትምህርት ቤቱ ትልቅ አዳራሽ አለው፤ አሥራ ሁለት ወንበር ተደርድሮ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አፉን የከፈተ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ተጋድሟል። እኔ በመስኮቱ በኩል አራተኛው ነኝ። የደረሰችኝ ተማሪ የመጨረሻ ዓመት ናት፤ ጎበዝ እጅ አላት፤ ግን ድምፅ የላትም። የምትናገረው ሁሉ በሹክሹክታ ነው። እኔ በጥርስ እጦት አልሰማ፣ እሷ በፍርሃት አትሰማ፤ የሁለታችን ወሬ የዓሣ ወሬ ነው። ሹክሹክ ብያታለሁ። አልተቀየመችም።

ልክ መውሰዱ ደህና አለፈ። ሮዝ ሊጥ የሞላበት ብረት አፌ ውስጥ ከታ እስኪጠጥር ያዘችው፤ እንባዬ መጣ እንጂ አልተፋሁም። ችግሩ የመጣው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከላይና ከታች የሰም ግድግዳ አድርጋ አፌን እንድገጥም ፈለገች፤ መንጋጋዬ በተፈጥሮው የት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ነው። «ይንከሱ» አለችኝ። ነከስኩ። «እንደዚያ አይደለም።» ሌላ ቦታ ነከስኩ። ጥርስ የሌለው ሰው የት እንደሚነክስ በምን ያውቃል? ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቱም ተለያዩ።

ያኔ አስተማሪያቸው መጣች። ጫማዋ ድምፅ የለውም፤ ድንገት ነው ከራስጌሽ የምትገኘው። ሹክሹክን አልተቆጣቻትም። «ንከስ የተባለ ሰው ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ መንጋጋው ወደ ፊት ወጥቶ ይሰለፋል። አትዘዢው፤ አጫውቺው» አለቻት። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ ስላት «እንግዲያው ይህን ኮት ይዩልኝማ፤ ለምን ትከሻዬ ላይ ይነሳል?» አለች። ኮቷ በእርግጥ ይነሳል፤ ክንዱ በተሳሳተ ቦታ ነው የገባው። ስለ ክንድ አገባብ ማብራራት ስጀምር ረሳሁት ልጄ፤ የት እንዳለሁም ረሳሁት።

መሐል ላይ «አሁን ምላስዎን ወደ ኋላ አጥፈው ላንቃዎን ይንኩ፤ እንደዚያው ምራቅዎን ይዋጡና ቀስ ብለው ይግጠሙ» አለችኝ። ገጠምኩ። «ይድገሙ።» ደገምኩ። በተደጋገመ ቁጥር እዚያው ቦታ! ሹክሹክ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ እኔ፣ ታካሚዋ እሷ መሰልን።

ስንጨርስ ኮሪደሩ ላይ ሹክሹክ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ አገኘኋት። መሐረቤን ሰጠኋት። ይህን ክፍል ባለፈው ዓመት ወድቃ እየደገመች ነው ለካ። «እናትሽ ምን አለች?» ስላት «አታውቅም። ፈተናው ተላልፏል አልኳት» አለችኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ ከፈተናው ይልቅ አንቺን ትፈልጋለች» ብቻ አልኳት።

ያንቺስ የተላለፈው ፈተና ቀን ተቆረጠለት?

አጎትሽ


ሚያዝያ 9 ቀን

ለጋሽዬ፦

እግዜር ይስጥህ። እንዲህ አድርገህ ስለጠየቅከኝ።

አልተላለፈም። በታኅሣሥ አሥር ቀን ተፈተንኩ፤ ወደቅሁ።

የደረሱኝ ታካሚ ጥርስ ካጡ ዘመን የቆጠሩ፣ የግራ መንጋጋቸው መገጣጠሚያ የሚንቋቋ አሮጊት ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ሳያቸው የነበሩ ናቸው፤ መንጋጋቸው መጎተት እንደማይወድ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ፈታኞቹ ከኋላዬ ቆመው ወረቀት ሲገልጡ ግን ሁሉም ነገር ከራሴ ጠፋ። «ይንከሱ» አልኳቸው። ወደ ፊት ነከሱ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። አገጫቸውን ይዤ ወደ ኋላ ገፋሁት። ቋ ሲል ተሰማኝ። አፋቸው ሊከፈት አልቻለም። አልጮኹም ጋሽዬ፤ እጄን ብቻ ያዙ፤ ጨብጠው ያዙ፤ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። አስተማሪዬ ገፋ አድርጎኝ ቀስ ብሎ አሽቶ አስከፈተላቸው። በኋላ «እጅሽ ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን እዚያ አልነበርሽም» አለኝ። ከዚህ የባሰ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከ ሰኔ ታካሚ እንዳልነካ ተከለከልኩ። ጀሶ ቤት ውዬ እገባለሁ። ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ለአንተ ልጽፍ እቀመጥና፣ በስንት ኮትና በስንት ሱሪ እዚህ እንደላክኸኝ ሳስብ ብዕሩን እጥላለሁ። አንተ ደግሞ በረሃብ ዞሮብህ እየወደቅህ የእኔን እጅ ትጠብቃለህ። የሰው መንጋጋ የቆለፈ እጅ።

ቅር አይለኝም ያልኩህም ውሸት ነው። ሹክሹክ የምትላት ልጅ ልክህን ስትወስድ ቀናሁ። ግን ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። አሁን የምለምንህ እኔ ነኝ፦ አስተማሪዋ ያደረገችውን ሁሉ፣ እጇ የት እንደነበር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተናገረች፣ አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ።

ጥያቄህ


ሚያዝያ 30 ቀን

ለልጄ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለጥያቄዬ፦

መጀመሪያ ይህን ስሚኝ። እኔ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ዳኛ ኮት ቀደድኩ። ከውጭ የመጣ ጨርቅ ነው፤ ሌላ ተመሳሳይ አይገኝም። ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ቀደድኩት። አሞኛል ብዬ እናትሽ ቤት ዘጠኝ ቀን ተደበቅሁ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረው፣ በአሥረኛው ቀን ክንዴን ይዛ እስከ ሱቁ ወሰደችኝ፤ እጄን ሳይሆን ክንዴን፣ እንደ ሌባ። ያሠለጠነኝ ሰውዬ አየኝና «ሁለት ግራ እጅ ያለው ዳኛ እስኪሾም ጨርቁን አስቀምጠው» አለኝ። ከዚያ ሌላ ኮት ሰጠኝ። በዚያው ቀን። ያን ዕለት ባይሰጠኝ ኖሮ ዛሬ ልብስ ሰፊ አልሆንም ነበር። ይህን ላንቺ ነግሬሽ አላውቅም፤ ዳኛው አሁንም በሱቄ በር ስለሚያልፉ ነው።

ኮትና ሱሪውን አትቁጠሪ። እኔ ልጅ ነው የላክሁት፤ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ትእዛዝሽ። ቀጠሮ ሳይኖረኝ ትምህርት ቤቱ ሄድኩና ለአስተማሪዋ የእህቴ ልጅ እንዲህ ሆናለች፣ አንድ በአንድ ንገሪኝ አልኳት። አልደበቅሁም፤ ይቅር በይኝ። ወንበር ላይ አስቀምጣ እንደገና አሳየችኝ፤ ሹክሹክ አጠገባችን ሆና ጻፈች። ወረቀቱ አብሮ አለ። እኔ የተሰማኝን ደግሞ ልጨምርልሽ፣ እሱን ወረቀቱ አያውቀውምና፦

ያን ማክሰኞ ወንበሩን ቀጥ አድርገውት ነበር፤ ተጋድሜ አልነበረም። አፍንጫዬና አገጬ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጋ «ም» ይበሉ አለችኝ፤ ከንፈሬ ሲገጥምና ሳርፍ በነጥቦቹ መካከል ያለውን በማስመሪያ ለካች። ይህ ያለ ንክሻ የሚያርፍበት ልክ ነው አለች። ስታጫውተኝ ዓይን ዓይኔን ነበር የምታየው፤ አፌን አላየችም። እጇ አገጬ ላይ ነበር፤ ግን አይገፋም። ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ እጁን እንደምትይዢው ነው፤ የሚሄደው እሱ ነው። የሚያመው መንጋጋ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ በሞቀ ፎጣ ይታሰር፣ ጊዜ ይሰጠው፣ ቢያስፈልግ ሌላ ቀን ይቀጠር ትልሻለች። «ሌላ ቀን ማለት መውደቅ አይደለም ይበሏት» ብላኛለች።

የእኔ ጥርስ አሁን በሰም ላይ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት እንደ ኮት ተወስውሶ ልኬን አዩት። «ስልሳ ስድስት» ይበሉ አሉኝ። አልኩ። ፉጨት የለም! አዳራሹ ውስጥ እስኪሰለቹኝ ድረስ ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ስድስት እያልኩ ቆየሁ። ሹክሹክ ያንቺ አሥረኛ ክፍል ምረቃ ላይ የተነሳነውን ፎቶ አይታ፣ ከፊት አንዷን ጥርስ እንደ ድሮዋ ትንሽ አጣመመቻት። ስለዚህ ቅናትሽን ተይው። ጥሩ ልጅ ናት፤ ለእናቷም ነግራታለች።

አጎትሽ


ሰኔ 11 ቀን

ለጋሽዬ፦

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው ፈተናዬ ነበር። እጄ እስካሁን ጀሶ ይሸታል፤ ታጥቤ እንኳን ሳልጨርስ ነው የምጽፍልህ።

ታካሚ ምደባው ላይ ስሜ ሲጠራ እኚያው አሮጊት ተነሱ። ደነገጥኩ። ለካ ራሳቸው ናቸው «ያቺን ልጅ ስጡኝ» ብለው የጠየቁት። ከታኅሣሥ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ከመጠበቂያው አግዳሚ ላይ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር፤ መንካት ቢከለከልም የሞቀ ፎጣ ማቀበል አልተከለከለም። ይህን ላንተም አልነገርኩህም፤ ማፈሬን እንጂ ሌላውን ሁሉ ረስቼ ነበር።

ወንበሩን ቀጥ አደረግሁ። ፎጣውን አሰርኩላቸው። ፈታኞቹ ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔ አላየሁም። «ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የሰው ድምፅ ሰምተው ደዋዩ ደስ ብሎት ይሁን ተጨንቆ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። «አንቺ ባለፈው ጊዜ ድምፅሽ እንደሚቆረጥ መስመር ነበር። ዛሬ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሳቅን። ሳቃቸው ሲያበቃ ከንፈራቸው ሲገጥም ለካሁ።

ምላስ ወደ ኋላ፣ ምራቅ፣ ቀስ ብሎ መግጠም። እጄ አብሯቸው ሄደ እንጂ አልገፋም። ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱም እዚያው። በአራተኛው መገጣጠሚያው ትንሽ ሲይዝ በጣቴ ተሰማኝ። ቆምኩ። ለፈታኞቹ ዞሬ «እዚህ ላይ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል፤ የቀረውን ሐሙስ ብጨርሰው እመርጣለሁ» አልኩ። ፈታኙ አንድ ነገር ጽፎ ወረቀቱን ገለበጠው። «አልፈሻል። ሐሙስ ጨርሺው» አለ።

አሮጊቷ ሲወጡ በሁለት እጃቸው ጉንጬን ያዙ።

የሐምሌ ሃያ ሁለት ቲኬት ቆርጫለሁ። ሦስት ሳምንት እቆያለሁ። ለአስተማሪዋና ለሹክሹክ ምን ላምጣላቸው? ጠይቅልኝ።

ጥያቄህ


ሰኔ 26 ቀን

ለልጄ፣ ለሐኪሟ፦

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቁልፍ ሰፊዋ አለቀሰች፤ እኔ ግን ልብስ እየተኮስኩ ስለነበር እንፋሎት ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።

ጥርሴን ከተረከብሁ አሥር ቀን ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሰው ዕቃ የተበደርኩ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን የደረቀ ዳቦ ቆረስኩ፤ ቅርፊቱን ነው የምልሽ። ቀስ ብዬ በሁለቱም በኩል አኘክሁት። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያየኝ ሌላ ቆረስኩ። ሱሪዬን ደግሞ መልሼ መልቀቅ ሊኖርብኝ ነው።

ታች በግራ በኩል ድዴን ትንሽ ፋቀኝ። ሹክሹክ ላስተካክለው ስትል «ተይው፤ ልጄ በሐምሌ ትመጣለች፤ እሷ ትነካዋለች» አልኳት። ቁጣዋን ብታይ! «ቁስል ሰው አይጠብቅም፤ ይቀመጡ!» ብላ አዳራሹን አናወጠችው። አሥራ አንዱም አፍ ወደ እኔ ዞረ። ተቀመጥሁ። በሁለት ደቂቃ ሞረደችው፤ ሕመሙ ጠፋ። እሷም አልፋለች። ምንም አታምጪልን ብለዋል ሁለቱም፤ አስተማሪዋ ግን በመጣሽበት አንድ ከሰዓት ተማሪዎቹ ፊት ቆመሽ ስለ አሮጊቷ እንድትነግሪያቸው ትፈልጋለች። ስለ ሁለቱም ቀን፣ ስለ ታኅሣሡም። እሺ ትላለች አልኳት። ተሳስቼ ከሆነ መጥተሽ ተጣይኝ።

ሁለተኛው ክፍል ተጠርጓል፤ የስፌቱን ጨርቅ ሁሉ አውጥቻለሁ። አውቶቡስ ተራው ላይ ከጠዋት ጀምሮ እቆማለሁ፤ ቁልፍ ሰፊዋም ሱቁን ዘግታ ትመጣለች። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ እንደወረድሽ «አፍህን ክፈት» እንዳትይኝ። መጀመሪያ ሳሚኝ።

አጎትሽ